ታቦቱ ቁልቁል ሲወርድ፦ የ2012 ጥምቀት በሰሜን ሸዋ

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ላምበረት መናኸሪያ በጥምቀት ሰሞን ሌላ ነው። ገና በጠዋቱ ሰልፉ በር ድረስ ወጥቷል። ነጠላ የለበሱ እናቶች አሉ። ሻንጣ የሚጎትቱ ተማሪዎች አሉ። አዲስ ቀሚስ በፌስታል ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ያቀፉ ልጃገረዶች አሉ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው እንዲሁ አይደለም። ያ ቀሚስ ለአዲስ አበባ አልተገዛም፤ አገር ቤት ወንዝ ዳር ሊለበስ ነው።

ዘንድሮ የጥምቀት ወሬ በዝቷል። በታኅሣሥ ወር ዩኔስኮ ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ላይ ተሰብስቦ በዓሉን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ቴሌቪዥኑም ቱሪስቱም ወደ ጎንደርና ወደ ጃንሜዳ ነው። ደስ ይላል፣ አልጠላሁትም። እኔ ግን ካሜራ የማይደርስበት ጥምቀት አማረኝ። ይህን ለሥራ ባልደረባዬ ስነግራት ሳቀች። «እኛ አገር ነይ። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስትሄጂ ነው። ብርዱን ከቻልሽው ሌላው ቀላል ነው» አለችኝ።

እሷና ታናሽ ወንድሟ ናቸው አብረውኝ ያሉት። ወንድሟ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ፕሮቴስታንት ሆኗል። «ታዲያ አንተ ለጥምቀት ምን ልትሠራ ትሄዳለህ?» አልኩት ለቀልድ። «ለእናቴ ነው የምሄደው» አለ። እህቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ነገሩ ቤታቸው ውስጥ ብዙ እንባ ያስፈሰሰ መሆኑን ቀድማ ነግራኛለች።

ሰንዳፋን አልፈን አለልቱ ሳንደርስ ክርክሩ መጣ። መምጣቱ አይቀርም ነበር። እሱ ኤፌሶን 2፥8ን ጠቀሰ። «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና ይላል። ስጦታ ነው። በጾም ብዛት፣ በስግደት ብዛት አይገዛም።»

«ማን ይገዛል አለህ?» አለች እህቱ። «ቁጥር 8 ላይ ምን አስቆመህ? ወረድ ብለህ 10ን አንብባት። መልካሙን ሥራ ለማድረግ ተፈጠርን ነው የሚለው።»

ድምፃቸው ከፍ እያለ ሲመጣ ረዳቱ ከበሩ በኩል ዞረ። «ሂሳብ እንቀባበል። እዚህ በጸጋ መሄድ የለም!» መኪናው በሙሉ ሳቀ። ክርክሩም ለጊዜው አበቃ።

ሸኖ ላይ ለእናታቸው ቅቤ ገዛን። ሜዳው ሁሉ ገለባ ነው፤ አውድማ ላይ ገና እህል የሚወቁ ነበሩ። ጫጫን አልፈን ደብረ ብርሃን ስንወርድ ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና ነፋሱ አጥንት ይገባል። ከተማዋ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጥር ላይ ደግሞ እዚህ ቀልድ የለም። ትኩስ ሻይ ጠጥተን መኪና ቀየርን። ከአንኮበር መንገድ ላይ ወርደን የቀረውን በእግር አዘገምን።

እናታቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ልጃቸውን አንገቱን አቅፈው ሳሙት። በግራ ሳሙት፣ በቀኝ ሳሙት፣ ደግሞ በግራ ሳሙት። ምንም አልጠየቁትም። ለእኔ «ቤት ለእንግዳ፣ ነይ ግቢ ልጄ» አሉኝና እሳቱ አጠገብ አስቀመጡኝ። ማታ የመንዝ ዝተት አለበሱኝ። ክብደቱ አያገላብጥም፣ ሙቀቱ ግን ይገርማል።

ጥር 10፣ እሑድ፣ ከተራ

ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ አድሯል። የባቄላው ገለባ ነጭ ሆኗል።

ዛሬ ገሃድ፣ የጥምቀት ዋዜማ ጾም ነው። ከተራ እሑድ ስለዋለ እህል ውኃ እስከ ማታ አይከለከልም። የሚጾመው ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ነው። እማማ በሹሮ አበሉን። የሸኖው ቅቤ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነገን ይጠብቃል።

ከተማ የኖረ ሰው ከተራን የሚያውቀው በሰልፉ ነው። እዚህ ግን ከተራ ሥራ ነው። ወንዙ በጥር ቀጭን ነው፤ ካልገደቡት አይጠራቀምም። ወጣቶቹ ከጠዋት ጀምሮ ዶማና አካፋ ይዘው ወርደዋል። ሣሩን ከነአፈሩ እየቆረጡ ከድንጋይ ጋር ይደረድራሉ። ልጆች ጭቃ እናቀብላለን ብለው ራሳቸው ጭቃ ሆነዋል። አንድ ጎረቤት፣ ጋሼ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ዳር ቆመው አመራር ይሰጣሉ። «እዚያ ጋ ያፈስሳል! ዓይንህ የት ነው?» የባልደረባዬ ወንድም ሱሪውን ጠቅልሎ ገብቶ ድንጋይ ሲያቀብል አየሁት። ማንም አልጠራውም፤ ማንም አልከለከለውም። ጋሼ እሱንም እንደ ሌላው ይቆጡታል።

ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ደወሉ ተሰማ። የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ከኮረብታው ላይ ነው፤ ዙሪያውን ጥድና ወይራ ከብቦታል። ታቦቱ ሲወጣ እልልታው ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ሄደ። ጥላው ተዘረጋ፣ ከበሮው ተመታ። ልጆች ምንጣፍ እየተሻሙ ከፊት ይሮጣሉ።

መንገዱ ገደል ነው። ታቦቱን በአናታቸው ላይ የተሸከሙት ካህን በዝግታ፣ እግራቸውን እየመረጡ ይወርዳሉ። ሁለት ዲያቆናት ከግራና ከቀኝ ክንዳቸውን ይዘዋል። ትንሽ ድንጋይ ከተንከባለለ ሕዝቡ «አቤት!» ይላል። እኔ ከታች፣ ከወንዙ በኩል ሆኜ ነበር የማየው። እግዚአብሔርን ፍለጋ ስንሄድ አብዛኛውን ጊዜ ሽቅብ ነው የምንሄደው። ገዳሙ ተራራ ላይ፣ ደብሩ ኮረብታ ላይ ነው። ዛሬ ሽቅብ የሄደ የለም። እኛ ባለንበት ቆመናል። የሚወርደው እሱ ነው።

የዮርዳኖስም ነገር ይኸው ነው። ጌታ የተጠመቀበት ቦታ ከባሕር ጠለል በታች ነው። ወንዙ የሚገባበት ሙት ባሕር ደግሞ ከምድር ሁሉ ዝቅ ያለ ሥፍራ ነው። እዚያ የተሰለፈው ማን እንደሆነ ሉቃስ ጽፎልናል። ቀራጮች ነበሩ፣ ጭፍሮችም ነበሩ። ዮሐንስ «ንስሐ ግቡ» እያለ ስለሚያጠምቅ እዚያ የሚመጣው የሚናዘዘው ነገር ያለው ሰው ነው። የሚናዘዘው ነገር የሌለው አንዱ በዚያ መሃል ቆሞ ተራውን ጠበቀ። ዮሐንስ ቢጨንቀው «እኔ በአንተ ልጠመቅ ያስፈልገኛል፣ አንተም ወደ እኔ ትመጣለህን?» አለ። የዮሐንስ ጭንቀት ይገባኛል። እኛም እግዚአብሔርን ከላይ ስንጠብቀው ነው የለመድነው።

ድንኳኑ ተተክሎ ታቦቱ ከገባ በኋላ መምሬ ለሕዝቡ ሰበኩ። ማይክ የለም፣ ድምፃቸው ግን ይበቃል። ስለ ዕዳ ደብዳቤው ነበር የሰበኩት። በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ፣ እንዲህ ሲነገር ግን አልሰማሁም።

አዳምና ሔዋን ከገነት ከወጡ በኋላ ዲያብሎስ መከራ አጸናባቸው አሉ። ከዚያ ደግሞ ላቅልላችሁ ብሎ መጣ። «ተገዢነታችሁን ጻፉና ስጡኝ።» የጨነቀው ሰው ምን የማይፈርመው አለ? «አዳም የዲያብሎስ አገልጋይ፣ ሔዋን የዲያብሎስ አገልጋይ» ብለው ጻፉለት። እሱም በሁለት ድንጋይ ቀርጾ አንዱን ዮርዳኖስ፣ አንዱን ሲኦል ጣለው። ጌታ ወደ ዮርዳኖስ የወረደው ያን ጽሕፈት ሊያጠፋ ነው። ሲኦል ያለውንም በሞቱ ጊዜ ወርዶ ደመሰሰው። መምሬ ይህን ሲሉ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ስለተደመሰሰው ጽሕፈት የጻፈውን አያይዘው አነበቡ።

ማታ እሳት ዙሪያ ስንቀመጥ ጋሼ ይህን አልረሱትም። «የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ሰው ይህ ትምህርት ቶሎ ይገባዋል» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ጥር ነው፣ እህሉ ተወቅቷል፣ ዕዳ የሚጠየቅበት ወቅት ነው።

የባልደረባዬ ወንድም ዕድሉን አላሳለፈም። «ጋሼ፣ ሌላ ሰው መጥቶ ዕዳዎን ቢከፍልልዎትስ?»

«እግዜር ይስጠው እላለሁ።»

«ከዚያ በኋላ ምን ይሠራሉ?»

ጋሼ እንደ ሞኝ አዩት። «አርሳለኋ! በሬዬን ልፈታ ነው? ድሮ ሳርስ ለአበዳሪው ነበር የማርሰው። እያንዳንዱ ትልም የሱ ነበር። ዕዳው ከሄደ በኋላ ለልጆቼ አርሳለሁ፤ ለመጣ እንግዳ አርሳለሁ። እንዲያውም ያኔ ነው ማረስ የሚጥመው።»

እህትና ወንድም ተያዩ። ሁለቱም ጋሼ የእነሱን ወገን የደገፉ መስሏቸዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አስባለሁ። በሬውን የሚያስጠምደውን ነገር ግን ጋሼ ለይተውታል። ዕዳ ያለበት ሰው ሲጾም እየከፈለ ነው። የተሰረዘለት ሰው ሲጾም እያመሰገነ ነው። ከውጭ ለሚያየው ሁለቱም አንድ ዓይነት ሹሮ ይበላሉ።

ሌሊቱ ረጅም ነበር። ካህናቱ ድንኳኑ ውስጥ ማኅሌት ቆመዋል። ጽናጽሉ አንዳንዴ ይቀርባል፣ አንዳንዴ ነፋሱ ይወስደዋል። እኛ ውጭ እሳት አንድደን፣ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበን፣ ቆሎ እየቆረጠምን ነበር። ወጣቶቹ ግን አልበረዳቸውም። ክብ ሠርተው እስኪነጋ ጨፈሩ። አንዳንዱ በቅጡ አረቄ ጠጥቶ ስለነበር ብርዱ መኖሩንም የሰማ አይመስለኝም።

ጥር 11፣ ሰኞ

ቅዳሴው የገባው በሌሊት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ጌታ የተጠመቀው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነውና ያ ሰዓት በቅዳሴ ያልፋል። የቆረቡት ጥቂት ናቸው፤ በአብዛኛው ሕፃናትና አረጋውያን።

ፀሐይ ከአፋፉ ላይ ብቅ ስትል ሁሉም ወደ ውኃው ቀረበ። አራቱም ወንጌላት ተነበቡ፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። አራቱም የዮርዳኖሱን ነገር በየራሳቸው መንገድ ይናገራሉ። «ባሕርኒ ርእየት ወጐየት፣ ወዮርዳኖስኒ ገብአ ድኅሬሁ»፣ ባሕር አይታ ሸሸች፣ ዮርዳኖስም ወደ ኋላው ተመለሰ ሲባል ልጆቹ ትናንት የሠሩትን ግድብ አየሁ። አንድ ጥግ ላይ ጋሼ እንዳሉት ያፈስሳል።

መምሬ ውኃውን በመስቀላቸው ባረኩ። ከዚያ ሥርዓት የሚባል ነገር ቀረ። ካህናቱ በጣሳም በባልዲም ይረጫሉ፤ ሰው ይገፋፋል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ከፍ አድርገው ያስረጫሉ። በረዶ የመሰለ ውኃ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ትንፋሼ ቆመ። ይህ ዳግመኛ ጥምቀት አይደለም። መምሬ ቀድመው ተናግረዋል። በጸሎተ ሃይማኖት «በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» ብለን ስለምንመሰክር የሚረጨው ለበረከትና ለመታሰቢያ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የአብዛኛውን ሰው ሃይማኖት ከተመለከታችሁት ከቅጥሩ ውጭ ያለ ነው። ግንቡን ተሳልሞ፣ በር ላይ ቆሞ ጸሎት አድርጎ ይመለሳል። አንዱ ንስሐ አልገባሁም ይላል። አንዱ ከሰው ተጣልቷል። ሴቶች ደግሞ በወር የተወሰኑ ቀናት ቅጥር አይገቡም። አረቄ የሚጠጣው እዚያው በር ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ያልፋል። ዛሬ ቅጥር የለም። ወንዝ ዳር በር የለም። ሌሊቱን ሙሉ ሲቀድስ ያደረው ዲያቆንና ሌሊቱን ሙሉ ሲጠጣ ያደረው ጎረምሳ ጎን ለጎን ቆመው በአንድ ጣሳ ረጠቡ። ጎረምሳው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ምን እንዳለ አልሰማሁትም፣ ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቲቶ «ሰዎችን ሁሉ የሚያድን የእግዚአብሔር ጸጋ ተገልጦአልና» ብሎ ጽፏል። «ሁሉ» የምትለዋን ሰምተን የምናልፋት ይመስለኛል። ዮርዳኖስ ላይ ወልድ በውኃው፣ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል፣ አብ በድምፅ ተገለጡ። ድምፁም «የምወደው ልጄ ይህ ነው» ይላል። ያን ጊዜ ገና በሽተኛ አልፈወሰም፤ ገና አንድ ስብከት አልሰበከም። ሥራው ሁሉ ከዚያ ድምፅ በኋላ ነው የመጣው። ሰው ግን ብዙ ጊዜ ድምፁን ከሥራው በኋላ ነው የሚጠብቀው።

የባልደረባዬ ወንድም ዳር ላይ፣ ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሟል። አልቀረበም። እማማ የውኃ ጠርሙስ አቀበሉት። «ያዝልኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል» አሉት። ወርዶ ሞላላቸው። ቤት ስንገባ እማማ ከዚያው ውኃ ለጎተራው ረጩ፣ ለላሟ ረጩ፣ ለምድጃው ረጩ። እሱም ጠርሙሱን ይዞ ከኋላቸው ይከተላል።

ቡና ሲፈላ እማማን ብቻቸውን አገኘኋቸው። «ልጅዎ ይከፋዎታል?» አልኳቸው። ዝም ብለው ፍሙን አራገቡ። «እዚያ ሄዶ እንደገና ተጠመቀ አሉኝ። ያን ቀን አለቀስኩ። በኋላ ግን ምን አልኩ? እኔ በ40 ቀኑ አስጠምቄዋለሁ። ያኔ የ40 ቀን ልጅ ምን ያውቃል? ጡት ነው የሚያውቀው። ሥላሴ ግን ልጄ ነህ አሉት። እሱ ሳያውቅ የተሰጠውን እሱ ረሳሁ ስላለ ይወስዱበታል?»

ሴት በ80፣ ወንድ በ40 ቀን የሚጠመቀው አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ የሚለውን ኩፋሌ ይዘን ነው። ስለ ሕፃናት ጥምቀት ሰዎች ብዙ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። እንደ እማማ አጥርቶ የነገረኝ ግን የለም። ሕፃኑ አለማወቁ ለእሳቸው ጉድለት አይደለም። ዋናው ነገር ያ አለማወቁ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው ላይ ክፉ ወሬ መጣ። ጎንደር በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የእንጨት መቀመጫው ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ተጎድተዋል። ዶሮ ወጡ ቀርቦ ነበር። እማማ «ውይ፣ የማን ልጆች ናቸው!» ብለው መሶቡን ከደኑት። ሊጠይቅ የመጣ አንድ ጎልማሳ «ቁጣ ነው። ፈረንጅ ይየን ብለን በዓሉን ጨዋታ አደረግነው» አለ። ይህን ሲል መምሬ ገና መግባታቸው ነበር። መልሳቸው አጭር ነበር። «ሰሊሆም ላይ ግንብ የወደቀባቸው 18 ሰዎች ከሌላው የባሱ በደለኞች ይመስሏችኋል ወይ ብሎ የጠየቀ ማን ነው? እንጨት ነው የተሰበረው። ጸልይላቸው።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልተወራም።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ዛሬ ታቦተ ሚካኤል ወደ ደብሩ ይመለሳል፤ ቃና ዘገሊላም ነው። አቀበቱ ላይ ሰው ይበልጥ ጨፈረ። ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ከፊት ከፊት ሆ እያሉ ይወጣሉ። እኔ መሃል መንገድ ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት የ70 ዓመት ሴትዮ «በርቺ ልጄ» ብለውኝ አለፉ።

የቃና ተአምር ዕለቱ የካቲት 23 ነው ይላሉ ሊቃውንቱ። ጌታ ከተጠመቀ በኋላ 40 ቀን ጾሟልና በማግስቱ ሰርግ ቤት ሊገኝ አይችልም። አባቶች ወደ ጥር 12 ያመጡት የውኃው በዓል ከውኃው በዓል ጋር እንዲውል ነው። ጥሩ አደረጉ።

መምሬ ዛሬ ስለ ጋኖቹ ተናገሩ። ስድስት የድንጋይ ጋኖች፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ወይም ሦስት እንስራ የሚይዙ። ያንን አስቡት። ሰርገኛው ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ይህ ሁሉ የመጣው። ለአንድ ደሃ ሰርግ ይህ ምን ይባላል? ትርፍ ነው። ብክነት ነው ማለትም ይቻላል። ደግሞ የለመነ የለም። ሙሽራው ማለቁንም ያወቀ አይመስልም። እመቤታችን ብቻ «የወይን ጠጅ እኮ የላቸውም» አለች። ድግስ ደግሳችሁ ጠላ ያለቀባችሁ ሰዎች ይህ ይገባችኋል። ጌታ የመጀመሪያውን ተአምር ያደረገው የሞት ጉዳይ ላይ አይደለም። ሰው እንዳያፍር ነው።

የጎንደር ሟቾች በጸሎት ታሰቡ። ከዚያም ጠበሉ ተቀመሰ፣ ጠላው ተቀዳ። «አፈር ስሆን፣ በሞቴ» እየተባልኩ የበላሁትን አልቆጥርም።

ጥር 13፣ ረቡዕ

እማማን ተሰናብተን አንኮበርን አይተን ለመመለስ ወጣን። አንኮበርን ሳያዩ መመለስ አይሆንም። የሸዋ ነገሥታት፣ እነ ሳህለ ሥላሴ፣ ቤተ መንግሥታቸውን ጫፍ ላይ ነው የሠሩት። ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመሄዳቸው በፊት እዚህ ነበሩ። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ቆላው እስከ አፋር ሜዳ ድረስ ተዘርግቷል። የሚመጣ ጠላት ገና በሩቁ ይታያል። ለንጉሥ ይህ ተገቢ ቦታ ነው። መንገድ ላይ ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ አየን። ጉሙ መጥቶ ሁሉንም ሸፈነውና ወደ መኪናችን ተመለስን።

ደብረ ብርሃን አደርን።

ጥር 14፣ ሐሙስ

ወደ አዲስ አበባ ከመሳፈራችን በፊት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድን። የባልደረባዬ ወንድም በሩ ላይ ቆም አለ። «ግባ እንጂ፣ ብርድ ነው» አለችው። ገባ።

አንድ ወጣት ዲያቆን የቦታውን ታሪክ ነገረን። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እዚህ ሳሉ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ንጉሡም ቦታውን በዚያ ሰይመው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ የመጨረሻ ዓመታታቸውንም እዚሁ ተቀመጡ። የዛሬው ሕንፃ የዚያ ዘመን አይደለም። የታሪክ ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ ያ ብርሃን በ1456 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የታየችው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ልትሆን ትችላለች ይላሉ። ዲያቆኑ ይህን ሲሰማ ትከሻውን ነቀነቀ። «ትሁን። ኮከቧንስ ማን ላካት?» አለ። መልሱ ደስ አለኝ።

ግን ዲያቆኑ ያልነገረን አንድ ነገር አለ። ንጉሡ ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብለው ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉትን መነኮሳት አስወግረዋል። ጥፋታቸው የተባለው ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ማለታቸው ነው። ለንጉሡም እንዲሁ አልሰግድ ብለዋል። ብርሃኑ ሲታይ ንጉሡ እግዚአብሔር ሥራዬን ወደደልኝ ብለው ተቀበሉት። ይህን ያገኘሁት ከጠላቶቻቸው አይደለም፤ የራሳቸው ዜና መዋዕል ነው ሁለቱን ነገሮች አያይዞ የሚያስቀምጣቸው።

እኔ በአስተምህሮ ከዐፄው ጋር ነኝ። ለመስቀሉ እሰግዳለሁ፣ ለእመቤቴም እሰግዳለሁ። ያ ንባብ ግን አይዋጥልኝም። ሰማይ የተከፈተው ዮርዳኖስ ላይ ነው። የተከፈተውም ዕዳ ካለባቸው ሰዎች ጋር በተሰለፈው ላይ ነው። ድንጋይ በያዙት ሰዎች ላይ ሰማይ ተከፈተ የሚል ወንጌል አላነበብኩም። ጎንደር ላይ የተሰበረውን እንጨት ቁጣ ነው ያለው ጎልማሳና ብርሃኑን ሞገስ ነው ያሉት ንጉሥ አንድ ዓይነት ንባብ ነው ያነበቡት። አንዱ በሌላው ሞት ላይ ቁጣን አነበበ። ሌላው በራሱ ሥራ ላይ ሞገስን አነበበ።

ይህን ለሁለቱ ስነግራቸው ወንድሟ ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ በእሳቸው ዘመን ቢሆን እኔም ተወግሬ ነበር ማለት ነው» አለ። ለቀልድ ነው ያለው። እህቱ ግን አልሳቀችም። «አንተን የሚወግር መጀመሪያ እኔን ይወግር» አለችው። ከዚያ ዲያቆኑን መስቀል አሳልመን አለችው። ዲያቆን መስቀል እንደማያሳልም ጠፍቷት አይደለም፤ ወሬውን ለማስቀየር ነው። ዲያቆኑ ሄዶ ቄሱን ጠራልን። እሷ ተሳለመች፣ እኔም ተሳለምኩ። ወንድሟ እጁን ኪሱ ውስጥ እንዳደረገ ቆሞ ነበር። ቄሱ ማንም ሳይነግራቸው ወደ እሱ ሄዱና «እግዚአብሔር ይባርክህ ልጄ፣ መንገዱን ሰላም ያድርግላችሁ» አሉት።

«አሜን» አለ።